ሩጫ እና የአክስቴ ምሳ



ከኮምቦልቻ ደሴ የተመላለሰ ሁሉ ሐረጎን ያውቀዋል። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ዳገት መያዝ ሲጀምር ረዳቱ ሳይጠየቅ ፌስታል ያድላል። አንዱ ሎሚ ያሸታል፣ ሌላዋ በሻርፗ አፍንጫዋን ትይዛለች፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሕፃን ቀድሞ ይጀምርና ሌላውን ያስከትላል። እኔ በዚያ መንገድ አንድም ቀን ፌስታል ተቀብዬ አላውቅም። አጠገቤ ያለው ሲያስመልሰው መስኮት ከፍቼ፣ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ «አብሽር» የምል ሰው ነኝ። በዚህ ትንሽ እኮራም ነበር።

ይኸው ሆዴ በገዛ እግሬ ስሮጥ ጉድ አደረገኝ።

የምማረው ኮምቦልቻ ግቢ ነው። ዓርብ ከሰዓት ክፍል ከሌለኝ ደሴ ወጥቼ ሸዋ በር መስጊድ ጁሙዓ እሰግድና ምሳ አክስቴ ቤት እበላለሁ። ቤቷ ከጦሳ ሥር፣ ዳገቱ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ እንግዳ ከመሶብ የሚነሣው ሲጠግብ ሳይሆን ባለቤቷ ስትጠግብለት መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። ባለፈው ዓመት አንድ ዓርብ ያቀረበችልኝ የበግ ምንቸት አብሽ ነበር፣ ቅቤው ከላዩ የተኛ። «በሞቴ» አለች፣ በላሁ። «አፈር ስሆን» አለች፣ ደገምኩ። እርጎ መጣ። ከዚያ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። ገና ሲኒው ሳይነሣ የአክስቴ ልጆች ኳስ ይዘው በር ላይ ቆሙ።

ሜዳው ሜዳ አይባልም፣ አንዱ ጎል ከሌላው ከፍ ይላል። እኛ ወደ ላይ ነበር የምናጠቃው። እኔ ደግሞ የግቢ ልጅ ነኝ፣ በየጠዋቱ የሚሮጥ፣ ልጆቹ «እስቲ እንይህ» ያሉኝ። ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምሬ በሙሉ ኃይሌ ተነሣሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ምራቄ በአፌ ሞላ፣ ፊቴን ቀዝቃዛ ላብ አጠበው፣ ጆሮዬ ጭው አለ። ወደ አጥሩ ጥግ ደረስኩ እንጂ አጥሩን አላለፍኩም። ከአሥር የማያንሱ ሕፃናት ቆመው አዩኝ። አንዱ «የቆላ ልጅ ነው፣ ደጋ አይችልም» ሲል ሰምቻለሁ። ኮምቦልቻ ቆላ ከተባለች ምን ይባላል።

ፊቴ አመድ መስሎ ቤት ስገባ አክስቴ ደነገጠች። «ምን በላህ?» አለችኝ። ወዲያው መልሱን ራሷ አገኘችው። «እኔ ያበላሁህን ነዋ!» አለች።

እዚህ ላይ አፌን መክፈት ነበረብኝ። «አይ፣ በጠገብኩበት ሰዓት ሮጬ ነው» ማለት አንድ አረፍተ ነገር ነው። ግን ሯጭ ነኝ ብዬ ሳወራ የከረምኩ ሰው ሩጫ አስመለሰኝ ማለት አቃተኝ። ምግብ ነው ቢባል ይቀለኝ ነበር። ዝም አልኩ። አክስቴም የቀረውን ወጥ፣ ልጆቿ ማታ ሊበሉት የነበረውን፣ ለውሻ አፈሰሰችው። በሚቀጥለው ዓርብ ስመጣ አጥሚት ነበር የጠበቀኝ። ቅቤው እንደሆነ ደርሳበታለች። ከሰኞ ገበያ ለብዙ ዓመት ቅቤ የምትገዛቸውን ደንበኛዋን «ባዕድ ነገር ቀላቅለሽ ሸጥሽልኝ» ብላ ተጣልታቸዋለች። እኔ አጥሚቴን ጠጣሁ።

ነገሩ ቅቤ አለመሆኑን ያወቅኩት ብዙም ሳይቆይ ነው። ኮምቦልቻ ከፈጅር በኋላ ከጀመዓው ጋር ስንሮጥ፣ ሆዴ ባዶ እያለ፣ ዳገቷን በፍጥነት ከወጣሁ በኋላ እንደገና አስመለሰኝ። የወጣው ቢጫ ውሃ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ከሰዓት በኋላ በጠራራው ነው፣ አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨልጬ ከገባሁ በኋላ። ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ዓይነት ሆድ፣ አክስቴ በሁለቱ የለችበትም። ጓደኞቼ መድኃኒት አላጡልኝም። አንዱ ሐሞት ነው አለ፣ አንዱ ዓይን ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ «ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያስመልሰው ነው የሚጠነክረው» አለ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሜዳ ላይ የሚነገር ነው፣ እኔም ለተወሰነ ጊዜ አምኜው ነበር። ማስመለስ ግን የጥንካሬ ምልክት አይደለም። የድካምም አይደለም። የሒሳብ ጉዳይ ነው፣ ሒሳቡንም ያስረዳኝ ደሴ ግቢ ጤና የሚያጠና አብሮ አደጌ ነው።

ሰው ቁጭ ባለበት ልቡ በደቂቃ አምስት ሊትር ያህል ደም ይረጫል፣ ከዚህ ሩብ ያህሉ ወደ ሆድ ዕቃና ጉበት ይሄዳል። ስትሮጥ እግር ይጠይቃል፣ ቆዳም ሙቀቱን ለማውጣት ይጠይቃል። የልብ ሥራ ቢጨምርም ሁሉንም እኩል ማጥገብ ስለማይችል ከሆድ ይቀነሳል። በጣም ከባድ እንቅስቃሴ ላይ የሆድ ዕቃ የሚያገኘው ደም ከቀድሞው እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ቀስ ብሎ በሚሮጥ ሰው ጨጓራ ሥራውን ይቀጥላል። ፍጥነቱ ሲበረታ ግን ያለውን ወደ ታች ማሳለፉን ያዘገያል፣ የሞላው እንደሞላ ይቀራል። አብሮ አደጌ ይህን የነገረኝ በእናቶቻችን ቋንቋ ነው። «ምጣድ ላይ ሊጥ አፍስሰህ እሳቱን ከሥሩ ጎተትከው። እንጀራው ምን ይሁን ትላለህ?» አለኝ።

ባዶ ሆዴንስ ምን አስመለሰው? አልኩት። እሱ ሌላ መንገድ ነው። ዳገት ላይ ከአቅም በላይ ስንፈጥን ጡንቻ አሲድ ያጠራቅማል፣ አንጎል ውስጥ ያለው የትውከት ማዕከልም የደሙን መለወጥ ያውቃል። ባዶ ሆድ ላይ የደም ስኳር ሲወርድም ያቅለሸልሻል። ጨጓራ ውስጥ ምንም ባይኖርም ትእዛዙ ይመጣል፣ ያለው ሐሞት ብቻ ስለሆነ ሐሞት ይወጣል። «ሐሞት ነው» ያለኝ ጓደኛዬ እንግዲህ የወጣውን በትክክል አይቷል፣ ምክንያቱን ነው የሳተው።

የደሴው ሕፃንም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ደሴ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ አራት አምስተኛ ገደማ። ልዩነቱ በወረቀት ትንሽ ነው። ነገር ግን ኮምቦልቻ ላይ «መካከለኛ» የምለው ፍጥነት ደሴ ላይ ወደ «ከባድ» ይጠጋል፣ ዳገት ሲጨመርበት ደግሞ አለቀ። እኔ ያን ቀን የኮምቦልቻን እግር፣ የደሴን አየር እና የአክስቴን ምሳ አንድ ላይ ነበር ይዤ የወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። ስንት ሰዓት ምን በላሁ፣ ስንት ሰዓት ሮጥኩ፣ ምን ተሰማኝ። ዶርም ውስጥ መሳቂያ ሆንኩ፣ ግን በሁለት ወር ውስጥ ራሴን አወቅኩት። ሙሉ ምሳ ከበላሁ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት ሳያልፍ መፍጠን አልችልም። ቅቤና ዘይት የበዛበት ከሆነ ከዚያም ይዘገያል፣ ምክንያቱም ቅባት ከጨጓራ የሚወጣው ከሁሉም ቀስ ብሎ ነው። ከካፌ በዘይት የተሠራ ፍርፍር በልቶ ወዲያው ሜዳ መግባት ለእኔ ቀጠሮ የተያዘለት ትውከት ነው። ሽሮና ባቄላም ጥሩ ምግቦች ናቸው፣ ለሩጫ ሰዓት ግን አይደሉም። አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ከአንድ ሰዓት በፊት ይስማማኛል። ለጠዋቱ ሩጫ ከፈጅር በፊት ሁለት ሦስት ተምር በትንሽ ውሃ በቂ ሆነ፣ ቢጫው ውሃም ከዚያ በኋላ አልመጣም። ለእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። በሶ በጥብጦ ጠጥቶ የሚሮጥ ጓደኛ አለኝ፣ እኔ ብሞክረው ከዳገቱ በፊት ነው የምመልሰው።

ውሃ ላይ ስህተቴ መጠኑ ሳይሆን አጠጣጡ ነበር። ሁለት ብርጭቆ ያህል ከሁለት ሰዓት በፊት ጠጥቶ፣ በመሃል ትንሽ ትንሽ መጎንጨት ሌላ ነው። በሩጫ ዋዜማ ሊትር መጨለጥ ደግሞ ሌላ። ረጅም ሰዓት እየሮጡ ከላብ በላይ ውሃ ብቻ ማብዛትም በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥናል፣ እሱም ራሱ ያቅለሸልሻል፣ ሲበዛም አደገኛ ነው። ለስላሳ መጠጥስ? አብዛኛው ከመቶ እጅ ከአሥር በላይ ስኳር ስለሆነ እየተሮጠ ሲጠጣ ጨጓራ ውስጥ ይቀመጣል። ሜዳ ላይ ካልቀረ በእኩል ውሃ አቅጥኑት፣ ጋዙንም አስወጡለት።

ጉልበቴን ያመኛል ብሎ ከጨዋታ በፊት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የሚውጥ ልጅ በየቡድኑ አይጠፋም። ደም ባነሰው ሆድ ላይ እነዚህ ኪኒኖች የአንጀትን ግድግዳ ይጎዳሉ። ጫት ቅሞ አድሮ ጠዋት ስለሚሮጠው ብዙ አልናገርም። እንቅልፍ የለው፣ ምግብ የለው፣ ልቡ ቀድሞውኑ እየሮጠ ነው።

ከሁሉ የረዱኝ ግን ከምግብ ውጭ የሆኑ ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው አጀማመር ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ሳላቋርጥ ማውራት እስከምችል ድረስ ቀስ እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ዚክር አደርጋለሁ። «ሱብሓነላህ» ሠላሳ ሦስት ጊዜ ትንፋሽ ሳያንቀኝ ካልሞላልኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። (አንድ ወንድም «ታዲያ ዚክርህ ለአላህ ነው ለሳንባህ?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው።) ሁለተኛው አጨራረስ ነው። ፊሽካ ሲነፋ ሣር ላይ መዘርጋት ልማዳችን ነው። ስንሮጥ ደምን ከእግር ወደ ልብ የሚገፋው የባታችን ጡንቻ ነው። ድንገት ስንቆም ደሙ እግር ላይ ይቀራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ወደ ላይ ወደ ላይ ይላል። አምስት አሥር ደቂቃ መራመድ ነው መድኃኒቱ። በመሃል ሲጀምራችሁም እንደዚያው፣ ዝቅ አድርጉና ተራመዱ፣ ጥላ ፈልጉ፣ በአፍንጫችሁ ረጋ ብላችሁ ተንፍሱ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሆድ የተናገሩትን፣ ለምግብ ሲሶ፣ ለመጠጥ ሲሶ፣ ለትንፋሽ ሲሶ የሚለውን ትርጉም፣ ከመድረሳ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ። ቲርሚዚይ የዘገቡት ነው። እውነቱን ልናገርና ሁልጊዜ ለወፍራም ሰዎች የተነገረ ይመስለኝ ነበር። የትንፋሹን ሲሶ በደንብ ያነበብኩት ሯጭ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ረመዷን ላይ ጥያቄው ይለወጣል። ብዙዎቻችን ሰዓቱ እንዲሄድልን ከመግሪብ በፊት ኳስ እንጫወታለን። አንድ ቀን እዚያው ያስመለሰው ልጅ ጾሜ ፈረሰ ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ትውከት ያሸነፈው ሰው ቀዷ የለበትም፣ ሆን ብሎ ያስመለሰ ግን ቀዷ አለበት። ይህ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚይ ከአቡ ሁረይራ በዘገቡት ሐዲስ ያለ ነው። ስለዚህ ቀለል እንዲለኝ ብላችሁ ጣት ጉሮሮ ውስጥ አትክተቱ። ዉዱእ ላይ ደግሞ የኛ አገር ነገር አለ። በሐነፊይ መዝሀብ አፍ ሙሉ ያስመለሰ ዉዱኡ ይበላሻል፣ በሻፍዒይ አይበላሽም። ወሎ ሁለቱም ስላሉ ዶርማችን ውስጥ ክርክሩ ከጨዋታው ይረዝማል። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። እኔ አሁን ከመግሪብ በፊት ሃያ ደቂቃ ቀስ ብዬ ነው የምሮጠው፣ ከሳምቡሳና ሹርባ በኋላ ደግሞ ከተራዊሕ በፊት ኳስ አልነካም።

በዚህ ላይ የምትመጣልኝ ሲፋን ሐሰን ናት፣ አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው። በሚያዝያ 2015 የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ ስትሮጥ ዒደል ፊጥር ካለፈ ገና ሁለት ቀን ገደማ ነበር፣ ልምምዷንም ያደረገችው በረመዷን ነው። ውድድሩ መሃል ዳሌዋን አመማትና ቆመች፣ አፍታታች፣ መሪዎቹ ጥለዋት ሄዱ። እሷ ግን በራሷ ፍጥነት ቀስ በቀስ ደረሰችባቸው፣ 2:18:33 ገብታም አሸነፈች። ዓለም እያየ መቆም የቻለች ሴት አለች፣ እኔ በአሥር ሕፃናት ፊት መቆም አፍሬ ነው ሆዴን የገለበጥኩት።

ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልናገር። ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። በዚያ ሙቀት ከእኩለ ቀን ጥቂት አለፍ ብሎ ስንጫወት አንድ ጓደኛችን አቅለሸለሸኝ ብሎ ወጣ። «ይለፍልሃል» አልነው። ትንሽ ቆይቶ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ስንለው ሌላ ቀን ነገረን፣ ቆዳው ይፋጃል። አንስተን ጥላ አስገባነው፣ ሹራቡን አውልቀን ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ አፈሰስንበት፣ በወረቀት እያራገብን ባጃጅ ጠርተን ወደ ሕክምና ወሰድነው። አልሐምዱሊላህ ተርፏል። ሙቀት የመታው ሰውም የሚጀምረው በማቅለሽለሽ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ ያቅለሸለሸውን ሰው ስሙንና ቀኑን ጠይቁት። ከተምታታበት፣ ከተንገዳገደ፣ ራሱን ከሳተ ወዲያው አቀዝቅዙትና ወደ ሐኪም ውሰዱት፣ ውሃ በግድ አታጠጡት። ደረቱን የሚያመው ወይም ደም የሚያስመልስ ደግሞ ለነገ አይባልም።

የዚያን ዕለት ማታ አልተኛሁም። «ይለፍልሃል» ያልኩት እኔም ነኝ። እያሰብኩ እያሰብኩ አክስቴ ዘንድ ደረስኩ። አንድ የሚያቅለሸልሽ ሰው በትክክል ምን እንደሆነ መናገር እንዲህ ትልቅ ነገር ከሆነ፣ እኔ ስለራሴ ሆድ ዋሽቼ ሁለት ሴቶችን አጣልቻለሁ። ደንበኛዋ ምንም ሳያደርጉ ነው ስማቸው የጠፋው።

በሚቀጥለው ዓርብ አጥሚቱን ከመጠጣቴ በፊት ነገርኳት። ጥፋቱ ቅቤውም፣ ወጡም፣ እርጎውም ሳይሆን ጠግቤ መሮጤ እንደሆነ፣ ያን ቀን ማወቅ ባልችል እንኳ ካወቅኩ ወራት እንዳለፉ። ይቆጣሉ ብዬ የጠበቅኳቸው ሰዎች ዝም ሲሉ ይከብዳል። አክስቴ ዝም አለች። ከዚያ ስለ ደም፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ምጣዱ ያወራሁትን ሁሉ በአንድ እጇ ወዲያ አድርጋ «ሴትዮዋን ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ክፍል አልነበረኝም። ሰኞ ገበያ ወሰደችኝ። ቅቤ ሻጯ ከርቀት ሲያዩን ፊታቸውን አዞሩ። አክስቴ ቀድማ ሰላም አለቻቸው፣ ከዚያ እኔን ከኋላዋ ጎትታ ወደፊት አቆመችኝና «ንገራቸው» አለች። በገበያ መሃል፣ በሰው ፊት፣ ስለ ትውከቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ሴትዮዋ እስክጨርስ ሰሙኝ። «አሁን አንተ» አሉ፣ «ማን ሲያባርርህ ነው ጠግበህ የምትሮጠው?» በአካባቢው ያለ ቅቤ ሻጭ ሁሉ ሳቀ። አውፍ ብለውኛል፣ ሒሳቡን ግን አልቀነሱልንም። ሁለት ኪሎውን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ።

አጥሚቱ ቀርቷል። አሁን ዓርብ ከጁሙዓ ስመለስ አክስቴ ሰላምታዬን ሳትመልስ በር ላይ «ዛሬ ኳስ አለ?» ትለኛለች። አለ ካልኳት ሙዝ ትሰጠኝና መሶቡን ከመግሪብ በኋላ ትከፍታለች። የለም ካልኳት ያው እንደምታውቁት ነው፣ በሞቴው ይጀመራል።